ስለ ትናንሽ ዳይኖሰሮች ግኝትና ስለሚያጋጥመው ስሕተት

በሐዋሳ ከተማ፥ ከሐይቁ አጠገብ፥ የሲዳማ ሕዝብ የፍቼ ጨምበላላን በዓል የሚያከብርበት ጉዱማሌ የተባለው ሥፍራ ይገኛል። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከዚያ ወደ ውኃው ዳር ወርጄ ስዘዋወር፥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፥ በደቃቅ ጥርስ የተሞላች የመንጋጋ ስባሪ አገኘሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በሥዕል ያየሁት የጥንት እንስሳ መስላኝ በጥጥ ጠቅልዬ ወደ ኮሌጅ አመጣኋት። መምህራችን በአጉሊ መነጽር ተመልክተው የአምባዛ መንጋጋ መሆኗን ነገሩኝ፤ ዕድሜዋም ምናልባት ከአንድ ክረምት አይበልጥም አሉ። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም አፈርሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ስሕተት ታላላቅ ሊቃውንትንም እንደሚያገኛቸው በኋላ ስላነበብሁ፥ ትንሽ ዳይኖሰር እንዴት እንደሚገኝና በምን እንደሚለይ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት አሰብሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ስለ መጠናቸው

ዳይኖሰር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቤት የሚያህለውን እንስሳ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አልነበሩም። በ19ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር በባቫሪያ የተገኘው የኮምፕሶግናተስ አፅም ከነረጅም ጭራው ሲለካ አንድ ሜትር አይሞላም። በ2009 በቻይና የታወቀው አንኪዮርኒስ ደግሞ ላባ የለበሰ ሲሆን ርዝመቱ 34 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱም 110 ግራም ያህል ተገምቷል። ፔጎማስታክስ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ዳይኖሰር ርዝመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። አፅሙን የያዘው ድንጋይ በ1960ዎቹ ተሰብስቦ በአሜሪካ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ሳለ፥ ፖል ሴሬኖ ስም አውጥተው ያስታወቁት በ2012 ነው። ትንሽ ነገር በእጅ ከገባም በኋላ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል ማለት ነው።

ወፎች ከትናንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች የወረዱ መሆናቸውን የዛሬው ሳይንስ ተቀብሎታል። ስለዚህ በሐዋሳ ዳርቻ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ የሚውለው አባ ኮዳ የዚሁ ዘር ነው። ከሁሉ የምታንሰውም ዛሬ በሕይወት ያለችው፥ 2 ግራም እንኳ የማትሞላው የኩባ ወፍ ናት።

፪. በምያንማር ስለ ተገኘው የራስ ቅል

በመጋቢት 2020 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ አስደናቂ ነገር አወጣ። ሊዳ ሺንግና ባልደረቦቻቸው ከምያንማር በመጣ፥ 99 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው አምበር፥ ማለት ወደ ድንጋይነት በተለወጠ የዛፍ ሙጫ ውስጥ፥ ከ2 ሳንቲ ሜትር ያነሰ የራስ ቅል አገኙ። አፉ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ፥ ቅሉም ክብ ስለ ነበረ፥ ኦኩሉደንታቪስ ብለው ሰይመው ከዚያ ዘመን ዳይኖሰሮች ሁሉ የሚያንስ ነው አሉ።

ሌሎች ሊቃውንት ግን ሦስት ነገር ጠየቁ። አንደኛ፥ የዳይኖሰር ጥርስ በጉድጓድ ውስጥ የተተከለ ሲሆን የዚህ ጥርስ በመንጋጋው አጥንት ላይ የተጣበቀ ነው። ሁለተኛ፥ በዳይኖሰርና በጥንት ወፎች ከዓይን ጉድጓድ ፊት የሚታየው ቀዳዳ በዚህ የለም። ሦስተኛ፥ በዓይኑ ዙሪያ ያሉት አጥንቶች የእንሽላሊትን ይመስላሉ። ከዚያም የተሻለ ሁለተኛ ቅሪት ተገኘ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በደራሲዎቹ ተሻረ። በ2021 በወጣው ጥናት እንስሳው የእንሽላሊት ወገን መሆኑ ተገለጠ። ያሳሳታቸው ከላይ የሚታየው መልክ ነው፤ የሚያስከብራቸው ደግሞ ስሕተታቸውን በአደባባይ መሻራቸው ነው።

፫. ስለ አገራችን ጥርሶች

በጉዱማሌ ዙሪያ የዳይኖሰር አጥንት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ያረፈው እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ምድር ላይ ሲሆን፥ ድንጋዩ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ካለቁት ዳይኖሰሮች እጅግ የኋላ ነው። በደጋውም ቢሆን የጥንቱን ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሸፍኖታል። ነገር ግን ዓባይና ገባሮቹ ያንን ሽፋን ቆርጠው ወርደዋል።

በአማራ ክልል፥ በሰሜን ሸዋ፥ በጀማ ወንዝ ሸለቆ፥ በሙገር ስም የሚጠራው የጭቃ ድንጋይ የተገለጠው እንዲሁ ነው። ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከዚህ ድንጋይ የሥጋ በልና የቅጠል በል ዳይኖሰሮችን ጥርሶች አስታወቁ። የድንጋዩን ዘመን ያመለከታቸው ከጥርሱም የደቀቀ ነገር፥ ማለት የጥንት ዕፅዋት ብናኝ ነው፤ እርሱም ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያደርሰዋል። በ2007 ደግሞ ከዚያው ድንጋይ የአንዲት ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ታወቀ።

እንዲህ ያለው ቅሪት መሬት ለመሬት በዓይን ብቻ ቢፈለግ አብዛኛው ያመልጣል። አፈሩ በውኃ እየታጠበ በጠባብ ወንፊት ይነፋል፤ የቀረውም ደቃቅ በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ይለቀማል። ጥርስ ቢገኝም ሥራው ገና ነው፤ ትንሽ ጥርስ የትንሽ ዝርያ ወይም የትልቅ ዝርያ ግልገል ሊሆን ይችላልና። አጥንት ሲገኝ በስሱ ተቆርጦ የዕድገት ቀለበቱ ይቆጠራል፤ እንስሳው አድጎ የጨረሰ መሆን አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

፬. አስተያየት

ከዚህ የምንረዳው፥ የእንስሳ ማንነት በመጀመሪያ እይታ ሳይሆን አንዱን ክፍል ከሌላው ጋራ በማስተያየት መወሰኑን ነው። በጀማ ወይም በሌላ የዓባይ ገባር አገር የተወለደ ተማሪ ለዕረፍት ሲሄድ እንግዳ ጥርስ ቢያይ፥ እንደ እኔ አንሥቶ በጥጥ ባይጠቀልለው ይሻላል። ቦታውንና የነበረበትን የድንጋይ ንብርብር በማስታወሻ ይጻፍ፤ ለሚመለከታቸውም ያስታውቅ። ከንብርብሩ የተለየ ጥርስ ዘመኑን ያጣልና።

የአምባዛዋን መንጋጋ እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ ላይ አኑሬአታለሁ።