ከክረምት እስከ ዊንትሪ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዲግሪያቸውን ለማሻሻል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ መምህራን በአማርኛ «የክረምት ተማሪዎች» ይባላሉ። በእንግሊዝኛው ወረቀታቸው ላይ ግን ፕሮግራሙ «ሰመር» ነው። ያንኑ ክረምት ብዙ ተማሪ በደብተሩ «ዊንተር» ብሎ ይተረጉመዋል። በወር ከተቆጠረ ሰመር ልክ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ በአውሮፓ የሙቀት ወራት ናቸው። በጠባይ ከታየ ግን በአዊ ባለችው እንጅባራ ሐምሌ ጉም፣ ብርድና ጭቃ ነው።

በስም ደረጃ ይህ ልዩነት ብዙም አይጎዳም። ቅጽል ሲመጣ ግን ይጎዳል፤ ቅጽል ጠባይ ይናገራልና። «ሰመሪ» ማለት ብሩህ፣ ሞቃት፣ ስስ ልብስ የሚያስለብስ ማለት ነው። የዳንግላን ሐምሌ በዚህ ቃል የጻፈ ተማሪ ሰዋስው ሳይሳሳት ስለ አገሩ ሐሰት ይጽፋል።

የእንግሊዝኛዎቹ ቅጽሎች አሠራር አንድ ወጥ አይደለም። «ሰመር» በመጨረሻው ላይ «ዋይ» የምትባለውን ፊደል ብቻ ጨምሮ «ሰመሪ» ይሆናል። «ዊንተር» ግን ያችኑ ፊደል ሲቀበል ከ«አር» በፊት ያለችውን «ኢ» አብዛኛውን ጊዜ ይጥልና «ዊንትሪ» ይሆናል፤ «ሀንገር» «ሀንግሪ» እንደሚሆነው። «ኢ»ዋን ይዞ የሚጽፍም አለ፤ አልተሳሳተም፣ የተለመደው ግን አጭሩ ነው። «ኦተም» ስትጻፍ መጨረሻዋ ላይ የማትነበብ «ኤን» አለች፤ ቅጽሉ «ኦተምናል» ሲሆን ያች ዝም ያለች ፊደል ድምፅ ታወጣለች። ከሁሉም የሚያሳስተው «ስፕሪንግ» ነው። «ስፕሪንጊ» ቢሉት እንደ ሞላ የሚለጠጥና የሚነጥር ማለት ይሆናል። የወቅቱን ጠባይ ለመግለጽ «ስፕሪንግላይክ» ይባላል፤ ሳይንስ ደግሞ ከላቲን የተወሰደውን «ቨርናል» ይመርጣል።

ነገር ግን እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን እንዳለ ከሌላ ስም ፊት ያስቀምጣል። «ዊንተር» ስንዴ በዚያ ወቅት መሬት ላይ የሚቆይ ስንዴ ነው፤ «ዊንትሪ» ፈገግታ ግን ቀዝቃዛ፣ ፍቅር የሌለው ፈገግታ ነው። አማርኛም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። «የክረምት» ስንል ጊዜውን፣ «ክረምታዊ» ስንል ጠባዩን እንናገራለን፤ ሁለተኛው ከጽሑፍ ብዙም አይወጣም። በንግግር ጠባዩን የምንገልጸው በአየሩ ነው፦ ዝናባማ፣ ደመናማ፣ ነፋሻማ። «ክረምታማ» የሚል ሰው ግን አልሰማሁም። ቋንቋችን በግሥ ነው የበረታው፤ «እንዴት ከረምክ» በበጋም ይባላል።

በጋም ያው ችግር አለበት። አገር አቀፉ የበጋ መስኖ ስንዴ አንዳንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ «ሰመር» ስንዴ ተብሎ ሲጻፍ ይታያል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23 ነው፤ ሜዳው ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ። የለንደን አንባቢ ቀኑን ሲያይ ዊንተርን፣ በጋው «ሰመር» ተብሎ ተተርጉሞ ሲያነብ ደግሞ ሐምሌን ያስባል። ጸደይ ደግሞ በእኛው ዘንድ ሁለት ቦታ አለው፦ በባሕረ ሐሳቡ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ሲሆን፣ ብዙ ሰው ግን አደይ የሚያብብበትን መስከረም ጸደይ ይለዋል። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች በጋ፣ በልግና ክረምት ብለው በሦስት መክፈላቸው ለዚህ አገር ዝናብ የተሻለ ይስማማል።

የአዊ ልጅ አገውኛ ከቤት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ይዞ ያድጋል። ለእሱ የአራቱን የአውሮፓ ወቅቶች ስም በግድ ከእኛ ጋር ማጋጠም ሸክም ነው። ክረምትን «ሬይኒ ሲዝን»፣ በጋን «ድራይ ሲዝን» ብሎ መጻፍ ይበቃዋል። ከስም ፊት ቅጽል ሲሆኑ በሁለቱ ቃላት መካከል አጭር ሰረዝ ይገባል። የወቅት ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ከወርና ከዕለት ስም በተለየ በትልቅ ፊደል አይጀምርም፤ በፈተና ላይ ነጥብ ከሚያስጥሉት አንዱ ይህ ነው።