የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ቆሻሻ ውኃ ለቀናትና ለሳምንታት ተኝቶ በፀሐይ፣ በአልጌና በጊዜ ብዛት የሚጣራበት ተከታታይ ገንዳ ነው። የቆየ ሥራው ተላላፊ በሽታን ከወንዝና ከአትክልት ማሳ ማራቅ ነው። አሁን ከዚያ የማያንስ ሌላ ኃላፊነት ተጨምሮበታል፤ አንቲባዮቲክ የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ማስቀረት። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ እነዚህ ባክቴሪያዎች በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰዎችን እንደገደሉ ገምቷል።

ሰው ከሚውጠው አንቲባዮቲክ ከፊሉ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ፍሳሹ ውስጥ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ሲገድል የተላመዱት ይተርፋሉ። የተረፉት ደግሞ የመቋቋሚያ ዘረመላቸውን ለዘራቸው ከማውረስ አልፈው፣ ፕላስሚድ በሚባል የዲኤንኤ ቀለበት ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያም ያቀብላሉ። እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶችም ይህንኑ መላመድ ሊያግዙ ይችላሉ።

እንደ አዳማ ላሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጉዳዩ የአዋሽ ወንዝ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዞች፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዳማ የመጠጥ ውኃዋን አጣርታ የምትጠቀመው ከዚሁ ወንዝ፣ ከቆቃ ግድብ በታች ነው። የወንጂ ሸንኮራም የሚጠጣው ከአዋሽ ነው።

በኩሬው የመጀመሪያ፣ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ጠጣሩ ነገር ይዘቅጣል። በመጨረሻዎቹ ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች አልጌዎች በቀን ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስዱ ውኃው አልካላይ ይሆናል፤ ይህም ከፀሐይ ጨረር ጋር ተዳምሮ የአንጀት ባክቴሪያን ይገድላል። ሙቀትና ፀሐይ የማይጎድለው ስምጥ ሸለቆ ለዚህ የተመቸ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ፍሳሹን በእንዲህ ዓይነት ኩሬዎች ያጣራል። ኩሬዎቹ ላይ የተደረገ ጥናት ኮሊፎርም የተባሉት የአንጀት ባክቴሪያዎች ቁጥር እጅግ እንደሚቀንስ፣ የሚወጣው ውኃ ግን ለአትክልት መስኖ እንደማይበቃ አሳይቷል። ሒሳቡ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊዮን ባክቴሪያ ቢኖርና 99 በመቶው ቢሞት 100,000 ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ጥሬ ለሚበላ አትክልት መስኖ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ነበር።

ክሎሪን መጨመርም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ባክቴሪያው ቢሞትም ዘረመሉ ውኃው ውስጥ ሊቆይና በሌላ ባክቴሪያ ሊወሰድ ይችላል። ከሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባለው ግን ዝቃጩ ነው። ከውኃው የተወገደው ባክቴሪያ በብዛት የሚከማቸው እዚያ ነው፤ በአዳማ እንደሚታየው አብዛኛው ቤት የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ በሚጠቀምበት ከተማ ደግሞ ዝቃጩን የሚያጓጉዘው የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ነው። መኪናው ጭነቱን ገደል ወይም ማሳ ላይ ከደፋው ኩሬ መኖሩ ትርጉም የለውም። ዝቃጩ ወደ ኮምፖስት ሲብላላ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሎ ለቀናት ከቆየ ግን የሚተርፈው ባክቴሪያ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ስለዚህ የሆስፒታል ፍሳሽ ከከተማው ፍሳሽ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በግቢው ውስጥ ሊጣራ፣ ዝቃጭም ሳይብላላ አትክልት ማሳ ላይ እንዳይደፋ ሊከለከል ይገባል።