ፋራ ላለመባል፦ ጭፈራና በርጫ የማይወድ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ግቢ

አፍደም ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ፈተናው ነው። እውነት አለው፤ ፈተናው ካልታለፈ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ይሁን እንጂ ፈተናውን አልፎ ግቢ የገባ ልጅ ማንም ያላስጠናው ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ከማን ጋር ይውላል? ቅዳሜ ማታ የዶርም ልጆች «ተነስ እንውጣ» ሲሉት ምን ይመልሳል? የማይጠጣ፣ የማይቅም፣ ጭፈራ ቤት የማያስደስተው ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሊቀመጥ ነው ወይ?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ እስቲ ይህንን እንይ።

አፍደም የባቡር ሐዲድ ከተማ ናት። የባቡር ከተማ ልጅ መንገደኛ እያየ ስለሚያድግ እንግዳ ነገር ቶሎ አያስደነግጠውም። ጫትም ቢሆን አዲስ አይሆንበትም፤ በሰፈሩ ማን እንደሚቅም፣ በስንት ሰዓት እንደሚቅም ያውቃል። ነገር ግን ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። አንድ ተማሪ በርጫ ላይ ቢታይ ገና መግሪብ ሳይደርስ ወሬው እናቱ ጆሮ ገብቷል። ምደባው ሐረማያ፣ ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ ሲጥለው፣ ራቅ ሲልም ጅማና ባሕር ዳር ሲወስደው ግን የሚያውቀው የለም። ተቆጪ የለም፣ ወዳጅም የለም። ነጻነትና ብቸኝነት በአንድ ቀን ነው የሚመጡት። ብዙው ልጅ ወደማይፈልገው ነገር የሚገባው ነጻነቱን ወዶ ሳይሆን ብቸኝነቱን ፈርቶ ይመስለናል።

ግቢ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቃላት ትልቅ ሥራ ይሠራሉ፤ «አራዳ» እና «ፋራ»። አፉን በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ የፈታ ልጅ «በአማርኛዬ ይሳቅብኛል» ብሎ ይሰጋል። በአነጋገር እኩል መሆን ካልቻልኩ ቢያንስ በመጠጡና በጭፈራው እኩል ልሁን ይላል። የፍሬሽ ማን ዌልካም ፓርቲ ላይ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ የሚያነሳው ጠምቶት አይደለም፤ ፋራ ላለመባል ነው።

ለመሆኑ ሁሉም ይወጣል እንዴ? ስምንት ልጆች ያሉበት አንድ ዶርም እናስብ። ቅዳሜ ማታ ሦስቱ ወጡ እንበል። ሲወጡ ሽቶ በሽቶ ሆነው ነው፤ ሲመለሱ በር ያንኳኳሉ፣ መብራት ያበራሉ፣ ይስቃሉ። ሰኞ ካፌ ላይ የሚወራው የእነሱ ወሬ ነው። አምስቱ ልጆች ልብስ አጥበው፣ ኳስ አይተው፣ አጥንተው ተኝተዋል። «ትናንት ማታ እኮ ካልሲዬን አጠብኩ» ብሎ የሚያወራ ሰው ደግሞ የለም! ስለዚህ ሦስቱ ይታያሉ፣ ይሰማሉ፤ አምስቱ አይታዩም። አዲሱ ተማሪም «ሁሉም እንዲህ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ሆባርትና ዊልያም ስሚዝ በተባለ ትንሽ ኮሌጅ፣ ዌስሊ ፐርኪንስና አላን በርኮዊትዝ የተባሉ አጥኚዎች ተማሪዎቹን ሁለት ነገር ጠየቁ፦ «አንተ ስለ መጠጥ ያለህ አቋም ምንድን ነው?» «ሌሎቹ ተማሪዎችስ ምን ያስባሉ?» እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ውጤት እንዳሳየው አብዛኛው ተማሪ ራሱ መካከለኛ አቋም ይዞ፣ ሌሎቹ ግን ለስካር ግድ የላቸውም ብሎ ያስብ ነበር። ማለትም ብዙኃኑ ራሱን አናሳ አድርጎ ቆጥሯል።

በ1993 ደግሞ ዲቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። የእነሱ ጥናት ግን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ጨመረ። ሴሚስተሩ እየገፋ ሲሄድ ወንዶቹ ተማሪዎች የራሳቸውን አቋም ወደዚያ ወደተሳሳተው ግምት እያስጠጉ ሄዱ። ሌላው ይወደዋል ብለው የገመቱትን እነሱም መውደድ ጀመሩ። ጓደኛ ሳይገፋቸው፣ ግምታቸው ገፋቸው ማለት ነው። «የአቻ ግፊት» ሲባል ሁልጊዜ እጅ የሚጎትት ሰው ያለ ይመስለናል፤ አንዳንዴ ጎታቹ እዚያው ጭንቅላታችን ውስጥ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ብዙ ጓደኛ ማፍራት ነው? አይመስለንም። ሰለሞን አሽ ስዋርትሞር በተባለ ሌላ ትንሽ ኮሌጅ ያስተምር የነበረ ምሁር ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተማሪዎችን በቡድን አስቀምጦ የመስመሮችን ርዝመት አስመዘናቸው። ከአንዱ ልጅ በቀር ሌሎቹ ቀድመው የተነገራቸው ነበሩ፤ ሆን ብለው ግልጽ የሆነ ስህተት ይመልሱ ነበር። ያ ብቸኛ ልጅ በዓይኑ እያየ ከሲሶ በላይ በሆነው ጊዜ ከእነሱ ጋር ተሳሳተ። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲደረግ ግን ስህተቱ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። አንድ ሰው በቂ ነው። ግቢ ውስጥም አሥር ጓደኛ አያስፈልግም፤ ቅዳሜ ማታ አብሮ ሻይ የሚጠጣ አንድ ልጅ ይበቃል።

ያ አንድ ልጅ የሚገኘው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው፤ ያኔ ማንም ቡድን አልያዘምና። ላይብረሪ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቀመጥ፣ ሚኒ ሚዲያ ወይም ፀረ ኤድስ ክበብ የሚመዘገብ፣ ጠዋት ኳስ የሚጫወት፣ መስጊድ ወይም ግቢ ጉባኤ የሚሄድ ሁሉ ሳያስበው እንዲህ ዓይነት ሰው ያገኛል። በነገራችን ላይ፣ ጅግጅጋ ወይም ድሬዳዋ የተመደበ የአፍደም ልጅ አንድ ትልቅ ሀብት ይዟል። እዚያ ግራ የሚገባው ከአዲስ አበባ የመጣው «አራዳ» ነው፤ ገበያ ሲወርድ ሶማሊኛ የሚችል ሰው አብሮት ቢኖር ይቀለዋል። አብሮት ገበያ የሄደ ልጅ ጓደኛ ሆነ ማለት ነው።

እንቢ ማለትም አነጋገር አለው። «እኔ አልጠጣም» አጭር ነው፤ ይበቃል። ረጅም ምክንያት የሚደረድር ሰው ለክርክር በር ይከፍታል። ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥ የተከለከለ ነው። በሌላ በኩል የሚወጡትን ልጆች መስበክ ወዳጅ አያስገኝም። እነሱም የዶርም ወንድሞቻችሁ ናቸው፤ ኖት ተዋዋሱ፣ ምሳ አብራችሁ ብሉ። ከለር ዴይ ላይ ልብስ ቀለም ተቀብቶ በጊዜ ወደ ዶርም የተመለሰ ልጅ ምንም አልጎደለበትም።

ቢሮው ይህን ጉዳይ የሚያነሳው ጭፈራ ጠልቶ አይደለም። አደጋው የሚመጣው በቅደም ተከተል ነው። ከሰዓት በርጫ፣ ከዚያ ምርቃና፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። ሲመሽ የግቢው በር ይዘጋል። ያን ጊዜ ባጃጅ የሚከፍልበት የሌለው፣ ውጭ የቀረ ልጅ የት ያድራል? ሌላ ሰው በከፈለበት አልጋ ቤት። እዚያ ሰዓት ላይ ኮንዶም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ ከ20,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ያካተተ ጥናት እንዳመለከተው፣ ጥንቃቄ የጎደለው ወሲብ የመፈጸም ዕድል በየቀኑ ጫት በሚቅሙት ላይ ከማይቅሙት ከእጥፍ በላይ ነው፤ በየቀኑ በሚጠጡት ላይ ደግሞ ከማይጠጡት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በዚያው ጥናት ከተማሪዎቹ መካከል ባለፈው ዓመት እንዲህ ዓይነት ወሲብ የፈጸሙት 1.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጸጥ ያሉት አምስቱ የዶርም ልጆች ትዝ አሏችሁ?

ሴት እህቶቻችን ላይ ግፊቱ በሌላ መልክ ይመጣል። ሲኒየሩ ሃንድ አውት ያመጣል፣ ያስጠናል፣ ከዚያ ይጋብዛል። ማስጠናቱ ጥሩ ነው፤ ጥናቱ ላይብረሪ ይሁን፣ ግብዣውም በቀን። ወጥቶ መመለሻ ገንዘብ ምንጊዜም የራስ ኪስ ውስጥ ይሁን።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኤች አይ ቪ ሥርጭት ከክልሎች ሁሉ ዝቅተኛው ሶማሌ ክልል ነበር፤ አዲስ አበባ 3.4፣ ጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበሩ። ከዝቅተኛ አካባቢ የመጣ ልጅ «ይህ በሽታ እኛን አያውቀንም» ሊል ይችላል። ግቢ ግን ከሁሉም አቅጣጫ የመጣ ሰው የሚገናኝበት ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ ከመልክም ከአገር ልጅነትም አይታወቅም፣ በምርመራ እንጂ።

በመጨረሻም፣ ሳይወጣ ዶርም የሚያድር ልጅ አንድ ያልጠበቀው ሥራ ይገጥመው ይሆናል። ሲነጋ ደንግጦ የሚመለስ የዶርም ጓደኛ ጉዳዩን የሚነግረው አብረውት ለጨፈሩት አይደለም፤ ለዚያ ዝምተኛ ልጅ ነው። ስለዚህ ይህን ይወቅ፦ ያለ ኮንዶም ወሲብ የፈጸመ ወይም የተደፈረ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰና ሐኪሙ ካመነበት፣ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚከላከል ለ28 ቀናት የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለሴቷ የድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያም እዚያው ይጠየቃል። የቅዳሜ ማታ ጉዳይ ጊዜው እስከ ማክሰኞ ማታ ብቻ ነው። «ሰኞ ሚድ ፈተና አለብኝ፣ ረቡዕ እሄዳለሁ» ቢል እሺ እንዳትሉት፤ ጫማችሁን አድርጋችሁ አብራችሁት ሂዱ።