ቻርሊ ሮበርትስና የ4 ፓውንዱ ደንብ

ከ1901 እስከ 1961 ድረስ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ማለት ነው፥ የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋች ምንም ያህል ጥበበኛ ቢሆን፥ እርሱን ለማየት ምንም ያህል ሕዝብ በስታዲዮሙ በር ቢጋፋ፥ ከተወሰነለት የሳምንት ደመወዝ አልፎ አንዲት ሽልንግ እንዳይቀበል በደንብ ታስሮ ኖረ። ጣሪያው ሲጀመር 4 ፓውንድ፥ ሲሻር 20 ፓውንድ ነበር። ሽረቱን በክርክርና በአድማ ዛቻ ያስገኘው የተጫዋቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ጂሚ ሂል በተመሰገነ ጊዜ፥ ቀድሞ በዚያው ወንበር ተቀምጦ የነበረው ቻርሊ ሮበርትስ ካረፈ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ሮበርትስ በ1883 በሰሜን እንግሊዝ በዳርሊንግተን ከተማ ተወለደ። በቢሾፕ ኦክላንድና በግሪምስቢ ታውን ተጫውቶ በ1904 ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገባ፥ ዛሬ በእኛም አገር ደጋፊው የበዛው ይህ ክለብ ገና በሁለተኛው ዲቪዚዮን ይንከላወስ ነበር። ቦታው መሐል ሜዳ ነው፤ በዚያ ዘመን አሰላለፍ ይህ ቦታ መከላከልንም ማጥቃትንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚጭን ነበርና፥ ፈጣኑና ታጋሹ ሮበርትስ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ መሰለ። በ1905 ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ከአየርላንድ፥ ከዌልስና ከስኮትላንድ ጋር ተጫወተ፤ ከማንቸስተር ዩናይትድ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በአምበልነት ክለቡን በ1908 እና በ1911 ለሊግ ሻምፒዮንነት፥ በ1909 ለኤፍ ኤ ዋንጫ ሲያበቃ፥ ብሔራዊ ቡድኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራውም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ቁምጣ ጕልበት እንዲሸፍን ሲያዝ እርሱ አጭሩን መልበሱን አለመተዉ እንደ ጥፋት ተቈጥሮበታል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሹማምንቱን ያስቈጣቸው የቁምጣው ማጠር ሳይሆን የአንደበቱ አለማጠር ነው ባይ ነኝ።

የደመወዙን ደንብ ጠበቆች ክፉዎች ብቻ አድርጎ መሣል አይገባም። ሀብታም ክለብ ያገኘውን ሁሉ በገንዘብ ቢሰበስብ የትንሹ ከተማ ክለብ ይጠፋል ብለው መፍራታቸው ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ 4 ፓውንድም ቢሆን አንድ የእጅ ባለሙያ በሳምንት ከሚያገኘው ይበልጥ ነበር። ግፉ ያለው ሁለቱ ደንቦች በተጋቡበት ላይ ነው፤ አንዱ ደመወዙን ሲገድብ፥ ሁለተኛው ደግሞ ውሉ ያለቀበትን ተጫዋች ክለቡ ደመወዝ ሳይከፍለው እንኳ አስቀርቶ ወደ ሌላ እንዳይሄድ እንዲከለክለው ሥልጣን ይሰጥ ነበርና፥ ሰውዬው በነጻ አገር እየኖረ እንደ ገባር ከመሬቱ ጋር የታሰረ ሆነ። ጉዳት ሲመጣ ደግሞ የሚደርስለት አልነበረም። በ1907 የሮበርትስ የክለብ ባልደረባ ቶማስ ብላክስቶክ በተጠባባቂዎች ግጥሚያ ኳስ በግንባሩ ከመታ በኋላ ወድቆ ሞተ፤ ቤተ ሰቡም ካሳ ሳያገኝ ቀረ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሮበርትስና ዝነኛው የዌልስ ሰው ቢሊ ሜረዲት ሌሎችን አስተባብረው በማንቸስተር ከተማ በኢምፔሪያል ሆቴል የተጫዋቾችን ማኅበር አቋቋሙ። ፌዴሬሽኑ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ማኅበሩ ከአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት ጋር ሊተባበር መነሣቱን ባየ ጊዜ ግን፥ ኳስ ተጫዋች ከድንጋይ ከሰል ቈፋሪና ከሸማኔ ጋር ወግኖ አድማ ሊመታ ነው ብሎ ደነገጠና፥ በ1909 በጋ ከማኅበሩ ያልወጣ ሁሉ ከጨዋታ ይታገዳል ሲል ግዝት የመሰለ ትእዛዝ አወጣ። የሚበዛው ተጫዋች እየፈረመ ወጣ፤ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ነውና አይፈረድበትም። የማንቸስተር ዩናይትድ ሰዎች ግን፥ ዋንጫውን ካነሡ ገና ሦስት ወር ሳይሞላቸው፥ አንፈርምም ብለው ታገዱ፤ ደመወዛቸውም ተቋረጠ። ሮበርትስ በተለይ ገቢው ለእርሱ የሚሆንና 500 ፓውንድ ዋስትና ያለው የክብር ግጥሚያ ይጠብቀው ስለ ነበር፥ እምቢታው ያን ሁሉ ሊያሳጣው ይችል ነበር።

ሮበርትስ ራሱ ኋላ እንደ ተረከው፥ ገንዘባቸውን ሊቀበሉ ወደ ክለቡ ጽሕፈት ቤት ሄደው ምንም እንደሌለ ሲነገራቸው፥ ከመካከላቸው አንዱ መስተዋት ከግድግዳ አውርዶ በብብቱ ይዞ ወጣ፤ ዕቃው የተመለሰው የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሮበርትስን ከለመነው በኋላ ነው። በገዛ ሜዳቸው መለማመድ ስለ ተከለከሉም ፋሎፊልድ በሚባል ስፍራ ይሰበሰቡ ጀመር። አንድ ቀን የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ሲመጣ አምበሉ ሳንቃ ፈልጎ «የውጉዛን ክለብ» ብሎ ጻፈበትና በፊታቸው አስቀምጦ ሁሉም ተሰልፈው ተነሡ። የኤቨርተኑ ቲም ኮልማን ከሌላ ክለብ መጥቶ አብሯቸው ቆመ።

ሊጉ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ዕርቅ ሆነ፤ እገዳው ተነሣ፥ ማኅበሩም እውቅና አገኘ። በኅዳር ወር ግን አባላቱ ራሳቸው በድምፅ ብልጫ ከሠራተኞቹ ኅብረት ጋር መተባበሩን ተዉት። ሮበርትስ ከፌዴሬሽኑ እገዳ ይልቅ ይህ የባልንጀሮቹ ማፈግፈግ ቢያሳዝነው አይደንቅም፤ ከውጭ የመጣን ክንድ መመከት ይቻላል፥ ከአጠገብ የሚለቅን እጅ ግን ምን ያደርጉታል።

የቀረው ታሪኩ አጭር ነው። በ1913 ለኦልደም አትሌቲክ ተሸጠ፤ በ1915 ቡድኑ በአንድ ነጥብ ብቻ ከኤቨርተን አንሶ ሁለተኛ ሆነ። በኋላ በዚያው ክለብ ለጥቂት ጊዜ አሠልጣኝ ሆኖ ሠራ። በማንቸስተር ትንባሆ ሲነግድ ከሸጣቸው ሲጋሮች አንዱን «ዱክሮቤል» አለው፤ ከጎኑ ሲጫወቱ የነበሩት የዳክዎርዝና የቤል ስም ከእርሱ ስም ጋር ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። በ1939 በቀዶ ሕክምና ምክንያት ሞተ።

ተጫዋቹ ጆርጅ ኢስተም በኒውካስል ክለብ ላይ ባቀረበው ክስ፥ ተጫዋችን ያለ ፈቃዱ የሚያስቀረውን ደንብ ዳኛ ዊልበርፎርስ በ1963 ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። በኢምፔሪያል ሆቴል የተመሠረተው ማኅበርም ዛሬ የብሪታንያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ አባል ነው፤ ያ በ1909 ፌዴሬሽኑን ያስደነገጠው ነገር አሁን ማንንም አያስደነግጥም።