ልጅ ልጅን ሲዳኝ፦ የወጣቶች ፍርድ ቤት ምንድን ነው?

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። በወድ ኤል ሒለው ካምፕ የሚማር አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የጓደኛውን የሶላር መብራት ወሰደ እንበል። ባለቤቱ ማታ ማታ የሚያጠናው በዚያች መብራት ነው፤ ፈተና ደግሞ ደርሷል። ነገሩ ሲታወቅ ምን ይሆናል? ወይ ወንድማማቾች ተጠራርተው ይደባደባሉ፣ ወይ ጉዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፣ ወይ ልጁ ከትምህርት ቤት ይባረራል። በሦስቱም መንገድ የተበደለው ልጅ መብራቱን ላያገኝ ይችላል፤ የበደለውም ትምህርቱን ያጣል። ስደተኛ ልጅ ትምህርቱን ካጣ ምን ይቀረዋል?

ታዲያ ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። በሌላ አገር የተሞከረውን እንመልከት።

የት ተጀመረ?

በአሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኦዴሳ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. አንድ የወጣቶች ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ከዚያ በፊትም ጥቂት ሙከራዎች ነበሩ፤ ብዙዎች አርአያ ያደረጉት ግን የኦዴሳውን ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የነበሩት እንዲህ ያሉ ፍርድ ቤቶች ከ1,000 በላይ ደርሰው ነበር።

እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ የወጣቶች ፍርድ ቤቶች “ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም?” ብለው አይመረምሩም። ልጁ አስቀድሞ ጥፋቱን ማመን አለበት፤ ወላጆቹም ይስማማሉ። የሚቀረው ጥያቄ “የተበላሸው እንዴት ይስተካከል?” የሚለው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ወጣቶቹ ይከፋፈሉታል። አንዱ ለተበደለው ወገን ይናገራል፤ ሌላው ለአጥፊው ይቆማል፤ ጁሪ የሚባሉት ደግሞ ሰምተው ይወስናሉ። በአንዳንድ ቦታ ዳኛው ትልቅ ሰው ነው፤ በሌላው ዳኛውም ራሱ ወጣት ነው። እስር የሚባል ነገር የለም። ውሳኔው ይቅርታ መጠየቅ፣ የጠፋውን መተካት ወይም ለተወሰኑ ሰዓታት ለማኅበረሰቡ መሥራት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አጥፊው ራሱ በሌላ ቀን ጁሪ ሆኖ እንዲቀመጥ ይታዘዛል። ትናንት ተከሳሽ የነበረ ዛሬ ሲፈርድ፣ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያየዋል ማለት ነው።

ውጤቱስ?

እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በ4 የአሜሪካ ግዛቶች ያሉትን አነጻጽሮ ነበር። በአላስካ በወጣቶች ፍርድ ቤት ካለፉት መካከል በ6 ወር ውስጥ ዳግም ያጠፉት 6 በመቶ ሲሆኑ፣ በመደበኛው መንገድ ካለፉት ግን 23 በመቶ ነበሩ። በሚዙሪ 9 እና 28 በመቶ ሆነ። በሜሪላንድ ግን ብልጫ አልታየም። እዚያ ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት ልጆች ያለ ችሎትም ቢሆን በፖሊስ በኩል ተመሳሳይ ካሣና ክትትል ያገኙ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ወንበር ደርድሮ ዳኛ መምሰል ብቻውን ልጅ አይለውጥም። በደሉን እንዲክስ ማድረግና መከታተል ያስፈልጋል።

ለእኛ እንግዳ ነው?

“ልጅ ያቦካው ለእራት አይሆንም” የሚሉ ይኖራሉ። ግን እኛ እኮ በሽምግልና ያደግን ሰዎች ነን። ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚፈልገው ካሣና ዕርቅ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ወገኖች ነገም ከአንድ ውሃ ይቀዳሉ። የተማሪዎቹ ሸንጎ ያንኑ ሐሳብ ለእኩዮች ያውላል።

ሕጉም ልጅን እንደ አዋቂ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ደግሞ ልዩ እርምጃዎችን ያስቀምጣል። ስደተኛ የሚገዛው ባለበት አገር ሕግ ስለሆነ የሱዳኑን ማወቅም ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሱዳን የሕፃናት ሕግ የወንጀል ተጠያቂነትን መነሻ 12 ዓመት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 40 ሲቻል የልጆች ጉዳይ ከፍርድ ቤት ውጪ፣ መብታቸው ተጠብቆ እንዲታይ ይጠይቃል።

ጥንቃቄ

መምህራን፣ ይህን በክፍላችሁ ለመሞከር ካሰባችሁ የሚከተሉትን አትርሱ።

1ኛ፦ የተማሪዎች ሸንጎ የሕግ ሥልጣን የለውም። አስገድዶ መድፈር፣ ከባድ የአካል ጉዳትና የመሳሰለው ፈጽሞ ለእሱ አይቀርብም፤ በቀጥታ የሚመለከተው አካል ዘንድ መድረስ አለበት።

2ኛ፦ ተበዳዩም አጥፊውም ፈቅደው ይምጡ። “ግድ ነው” ከተባለ ዕርቅ አይሆንም።

3ኛ፦ ፈራጆቹ ከአንድ ብሔር ወይም ከአንድ ሰፈር ብቻ አይሁኑ፤ ሴት ልጆችም ይቀመጡ። አማርኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ በሚደባለቅበት ቦታ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

4ኛ፦ የተሰማው ነገር ከክፍሉ አይውጣ። ካምፕ ጠባብ ነው፤ “ሌባው” የሚል ስም አንዴ ከወጣ አይመለስም።

5ኛ፦ መምታትና ማዋረድ ቅጣት ሆኖ አይወሰን። አንድ መምህር ሁልጊዜ አብሮ ይቀመጥ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ጉዳይ አትያዙ። በአንድ ክፍለ ጊዜ የመብራቷን ታሪክ ለተማሪዎች ስጡና ሚና ተከፋፍለው ይወያዩ። ተማሪዎችስ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር? መብራቷ እንድትመለስ፣ ሁለቱም ልጆች ክፍል ውስጥ እንዲቀሩ የሚያደርገውን ውሳኔ ፈልጉ።