ስሜን ተራሮች በብርድ ወራት፦ ስንት በቅሎ ይበቃል?

ደባርቅ ላይ ጉዞ ሳሰናዳ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት በቅሎ እንከራይ?» የሚል ነው። ሳንካበርና ግጭ አድረው ጨነቅ ለሚደርሱ ሁለት ሰዎች የእኔ መልስ ሁለት ነው፦ አንዷ ድንኳንና ስንቅ፣ ሌላዋ ልብስና መኝታ ትጭናለች። የምግብ አብሳዩና የስካውቱ (የፓርክ ጠባቂው) ብርድ ልብስም ጭነት መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳል፤ እነሱም እዚያው ውርጭ ላይ ነው የሚያድሩት።

በአንዲት በቅሎ ላይ ከ40 ኪሎ በላይ አላስጭንም። ከክብደቱ ይልቅ ግን ሚዛኑ ያሳስበኛል። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ገመዱ ይፈትጋታል፣ ጀርባዋም ይገጠባል። ስለዚህ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ደባርቅ ይቅር፤ ዕቃችሁን እኩል ክብደት ባላቸው ሁለት ለስላሳ ቦርሳዎች አድርጋችሁ አምጡ።

ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ባሉት ማደሪያዎች ውርጭ ይጥላል። አምስት ሹራብ ከመደራረብ አንድ ወፍራም ጃኬት፣ አንድ ንፋስ መከላከያና ደኅና ስሊፒንግ ባግ ይሻላል። ለመኝታ የሚሆን ደረቅ ካልሲ ለብቻው ይቀመጥ። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ማታ ስልካችሁን ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ።