የመስክ ሞተር በፎገራ ዋልካ ላይ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ወረታ ይደርሳል። አስፋልቱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ይገባል። መንገደኛው የፎገራን ወረዳ ያየ የሚመስለው ከዚህ አስፋልት ላይ ሆኖ ነው። የወረዳው ሰፊ ክፍል ግን ከአስፋልቱ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን እየጠረጉ ያወረዱት ደለል የተነጠፈበት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ጥቁር አፈር። ናበጋ፣ ዋገጠራ፣ ሽና፣ ሻጋ፣ ቅድስት ሐና የሚባሉት ቀበሌዎች የዚሁ ወረዳ ናቸው። ጠዋት ከወረታ ወጥቶ፣ ሜዳው ላይ ሥራውን ሠርቶ፣ ማታ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ባለሙያ ያለ የመስክ ሞተር ሳይክል አይሆንለትም።

ይህ ዓይነቱ ሞተር በሌላው ዓለም በአብዛኛው የስፖርትና የመዝናኛ መሣሪያ ነው። ዓለም አቀፉ የስድስት ቀን የሞተር ፈተና እንግሊዝ አገር ካርላይል ከተማ ላይ የተጀመረው በ1913 እ.ኤ.አ. ነበር። ያማሃ በ1968 እ.ኤ.አ. ዲቲ-1 የተባለውን ቀላል ሞተር ካወጣ በኋላ ደግሞ ተወዳዳሪ ያልሆነ ሰውም ከአስፋልት ወርዶ መንዳት ቀለለው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1978 መጨረሻ ከፓሪስ ወደ ዳካር የተነሳውን የመጀመሪያ ውድድር በሞተር ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቩም የነዳው ያማሃ ነበር። ጓደኛሞች በእረፍት ቀናቸው ተሰባስበው በጫካና በገደል መንገድ ሲነዱ መዋል ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ነው። ፎገራ ላይ ሰባት ስምንት ሞተር ተከታትሎ ከአስፋልት ሲወርድ ያየ ሰው ግን የሚጠረጥረው የከብት ክትባት ዘመቻ ወይም የሩዝ መስክ ጉብኝት ነው። በእኔ እምነት ይህ ማሽን እውነተኛ ሥራውን ያገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ሞተሩን ለማወቅ መጀመሪያ አፈሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዋልካ የሚባለው ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ረጠብ ሲል ደግሞ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ለከተማ የተሠራ ሞተር ፓራፋንጎ ከፊት ጎማው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ የታሰረ ነው። ጎማው ዋልካውን እየጠቀለለ ይወጣና ከፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጥቀዋል፤ ብዙም ሳይሄድ የፊት ጎማው መዞሩን ያቆማል። ነጂው ይወርዳል፣ የእንጨት ስባሪ ይፈልጋል፣ ጭቃውን ይፈለፍላል፣ ይነሳል፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ይወርዳል። ትዕግሥቱ ያለቀበት ፓራፋንጎውን ፈትቶ ኮርቻው ላይ ያስረዋል፤ ከዚያ በኋላ ጭቃው ፊቱ ላይ ይረጫል። የመስክ ሞተር ፓራፋንጎ ግን ከመሪው ሥር ከፍ ብሎ፣ ከጎማው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ነው የሚታሰረው። በመካከል ያለው ባዶ ቦታ ጭቃው ሳይጠቀጠቅ እንዲረግፍ የተተወ ነው።

የቀረውም አካሉ በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። የፊት ጎማው ብዙውን ጊዜ 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች ነው፤ ትልቅና ቀጭን ጎማ ከብት ረግጦት የደረቀውን ጎርባጣ መሬት ሳይሰናከል ያልፈዋል። የጎማው ጥርስ ትልልቅና የተራራቀ ነው። ሆዱ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይርቃል። ውሃ እንዳይገባበት ማርሚታው ወደ ላይ ተቀልብሶ በኮርቻው ጎን ያልፋል። ክብደቱ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ነውና ሲወድቅ አንድ ሰው ያነሳዋል። ብዙ ሰው የሞተርን ጥሩነት በጉልበቱ ይለካል፤ ዋልካ ላይ ግን ከጉልበት ቅለት ይበልጣል። ከባድና ኃይለኛ ሞተር ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር የኋላ ጎማው እየቆፈረ ራሱን ይቀብራል። ቀላሉ ሞተር በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳይነካ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል።

በአገራችን በመሥሪያ ቤቶችና በፕሮጀክቶች ግቢ የኖሩት ያማሃ ዲቲና ኤጂ፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ሱዙኪ ቲኤፍ ናቸው። ኤጂ 100 በተለይ ለእርሻ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው። ለፎገራ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ፤ የተገለጠ ካቴና ከዋልካና ከአሸዋ ጋር ውሎ ዕድሜ የለውም።

መቸኮል ያለበት ሥራም አለ። የእንስሳት ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ በበረዶ ሣጥን የተያዘ ክትባት ሙቀቱ ሳይገባው በረት መድረስ አለበት። የአዳቃይ ቴክኒሻኑ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። አባላዘሩን የሚይዘው በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ማታ፣ ማታ የፈለገች በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ያ ሰዓት ካለፈ ገበሬው ሦስት ሳምንት ያህል ይጠብቃል። በወተቷ ስሟ የተጠራው የፎገራ ላም አገር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሩዙም ሥራ እንዲሁ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የተሞከረው ሩዝ ዛሬ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። አዲስ ዝርያ ማሳ ላይ ሲታይ ባለሙያው ቦታው ድረስ መሄድ አለበት።

በቡድን የሚወጣበት ቀን የሚጀምረው በዋዜማው ነው። ካቴና ዘይት ይቀባል፤ የጎማ ነፋስ ለመስክ ቀነስ ይደረጋል፤ የካንዴላ መፍቻ፣ ትርፍ ከመነዳሪና የእጅ መንፊያ ከአንዱ ኮርቻ ኋላ ይታሰራል፤ ሜዳው ላይ ጎሚስታ የለም። ሲነሱ አገሩን የሚያውቀው ከፊት ይሆናል። ለመንዳት አዲስ የሆነው ሁለተኛ ይሆናል እንጂ ኋላ አይቀርም፤ ኋላ የቀረ ጀማሪ ሌሎቹን ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ ይነዳል። እጁ መፍቻ የለመደው መጨረሻ ይሄዳል። በመንገድ መገንጠያ ላይ እያንዳንዱ ከኋላው የሚመጣውን ሰው በዓይኑ እስኪያይ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ አንድ ደንብ ከተጠበቀ ሰው አይጠፋም፤ የወደቀም ብቻውን አይቀርም። በበጋ አቧራው ስለሚያሳውር በመካከላቸው ሰፊ ርቀት ይተዋሉ።

ርብን በበጋ ሲሻገሩ አንዱ ሱሪውን ሰብስቦ በእግሩ ይቀድማል፤ ጥልቀቱንና የአሸዋውን ልስላሴ አይቶ ይመለሳል። መሃል ላይ ሞተር ውሃ ጠጥቶ ከጠፋ በፍጹም ደጋግሞ መምታት አይገባም፤ ሲሊንደር የገባ ውሃ ስለማይታመቅ የውስጥ ብረት ያጣምማል። ገፍቶ ማውጣት፣ ካንዴላውን መፍታት፣ ከዚያ በባዶው እየመቱ ውሃውን ማስተፋት፣ የአየር ማጣሪያውን ማድረቅ፣ ካንዴላውን ጠርጎ መመለስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ነጂዎቹን የሚያስመሰግናቸው ግን ለባለ አገሩ የሚሰጡት ክብር ነው። በሩዝ ማሳ መካከል ያለውን ድንበር በጎማ መስበር ውሃውን ማፍሰስ ነው፤ ስለዚህ የእግር መንገዱን ብቻ ይይዛሉ። መንጋ ሲያጋጥም ሞተር ይጠፋል፣ ከብቶቹ እስኪያልፉ ይቆማል። መንገድ ሲጠፋም ገበሬ ይጠየቃል። በጥር ደረቅ የሚመስል መሬት ላይ ሲደርሱ አንድ አዛውንት ከማሳቸው ዳር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጣራሉ፦

«በዚያ አትሂዱ ልጆቼ፤ ሌሊት ለሽንኩርቱ ውሃ ለቀንበታል፤ ይውጣችኋል። በቀኝ ያዙ።»

«እግዜር ይስጥልን አባባ፤ ሰላም ዋሉ።»

እንዲህ ያለው ምክር በየትኛውም ካርታ ላይ አይገኝም።

ሩዙ በሰኔና በሐምሌ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ገበሬውም መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ ጓያ ይዘራበታል። ስለዚህ ለሞተር ምቹው ጊዜ ከጥር እስከ ግንቦት ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። በክረምት ወራት ሞተር ለታንኳ ቦታውን ይለቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቆየው ግጭት ደግሞ የመስክ ሥራን በጣም ከባድ አድርጎታል፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ መስክ ጉዞ ማውራት አይቻልም።

ለመስክ ሞተር ለሚገዙ መሥሪያ ቤቶችና ፕሮጀክቶች ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ሞተር ጋር ለነጂውም ከኋላ ለሚቀመጠውም ሄልሜት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦቲ ጫማና ጓንት ይገዛ። ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ፣ ሞትን 42 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል፤ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ደግሞ ወጪው ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት በዋልካና በአሸዋ ላይ የመንዳት ሥልጠና ይሰጥ፤ በሥልጠናውም ሴት ባለሙያዎች እኩል ይግቡ። ዛሬ ብዙዎቹ ከኋላ ተቀምጠው፣ የወንድ ባልደረባቸውን ፕሮግራም ጠብቀው ነው የሚወጡት። መሪውን ራሳቸው ቢይዙ ቀበሌዎቹ የሚጎበኙበት ቀን ይበዛል።